መስታወት የመረጥሁበት ክረምት

ሰኔ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ደረስሁ። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ግንቦት ውስጥ የደጃፉ ድንጋይ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ፤ ባሕር ዳር ወስደው ብረት አስገቡላት። ሐኪሙ ክረምቱን ቀስ በቀስ ትራመድ ብሏል።

"መጣህ?" አለችኝ።

"መጣሁ።"

"ከስተሃል።"

ከጀርመን ድረስ የመጣሁበት ጉዳይ በዚህ አለቀ። ፈቃዴ ግን እስከ መስከረም ነው።

እህቴ ሸጋዬ ቡሬ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ትሠራለች። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ እናቴን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች። እኔ ከጎረቤት ወንበር አመጣሁ።

ሰኔ 17

ራት ላይ ሸጋዬ "ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ የምትሞነጫጭረው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"መስታወት እየመረጥሁ ነው።"

"መስታወት?"

አስረዳኋት። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የጤፍ ፍሬ እንሰነጥቅና በኤክስሬይ እናየዋለን፤ በፍሬው ውስጥ ብረቱ የት ጋ እንደተቀመጠ ለማወቅ። ለዚህ ጨረሩን አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ኤክስሬይ ግን እንደ ፀሐይ ብርሃን አይደለም፤ መስታወት ላይ ፊት ለፊት ብትለቂው አይመለስም፣ ሰርጎ ይቀራል። የሚመለሰው የመስታወቱን ገጽ ታክኮ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ ኩሬ ላይ ሲወረውሩ ውሃውን እየነካ እንደሚሄደው። ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ፣ ቢበዛ ሁለት።

"እንደ እኛ አገር ሰው ነው በለኛ" አለች ሸጋዬ። "ፊት ለፊት አይወድም።"

እናቴ ካልጋዋ ሆና ታዳምጥ ኖሯል። "ይኼ ሁሉ ጤፍ ውስጥ ብረት ፍለጋ ነው?"

"አዎ እምዬ።"

"ብረቱማ እዚህ እኔ ዳሌ ውስጥ ነው።"

ሰኔ 21

ሳሌም ኢንተርኔት ቤት። በሩ ላይ የምርጫው የንብ ፖስተር በዝናብ ግማሹ ተልጧል። ሳሌም የቤቱ ባለቤትም፣ ሠራተኛም፣ ጄኔሬተር አስነሺም ናት። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ጽፋለች፦ መስታወት የሚሠሩት ሰዎች ተራ ሰጥተውናል፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ምርጫህን አሳውቀኝ። ለማለስለስ ብቻ አንድ ዓመት ይፈጃል። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ መመለስ የለም።

መልስ ልጽፍ ስል መብራት ሄደ።

"ይመጣል?" አልሁ።

"ይመጣል" አለች ሳሌም። "ዛሬ ነው ግን አላልሁም።"

ሰኔ 26

ሁለት አማራጭ ነው ያለው።

አንደኛው ፓራቦላ። ሰዉ ጣሪያ ላይ የሚሰቅለው የሳተላይት ዲሽ ቅርጽ ነው፤ ግን መሃሉን ትተን ከጠርዙ አካባቢ አንድ ረጅም ቁራጭ ብቻ እንወስዳለን። እንዲህ ሲሆን ጨረሩ ታክኮት ያልፍና እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። እንከን የለሽ ነው። ችግሩ፣ ከተቀመጠበት የፀጉር ያህል ዘንበል ካለ ነጥቡ ጅራት ያወጣል። በየጠዋቱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማቃናት አለበት።

ሁለተኛው ቶሮይድ። ከተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ እንደተቆረጠ ቁራጭ ነው። ነጥቡ ወፈር ይላል። ትንሽ ቢያዘነብል ግን ብዙም አይቀየምም።

እኔ ፓራቦላው ነው ደስ ያለኝ።

ሐምሌ 3

ዝናብ። እናቴ ተቀመጠች። ሸጋዬ ስትይዛት ተቀመጠች፤ እኔ ስይዛት ጮኸች። አያያዜ ትክክል አይደለም ይላሉ። ማዕዘኑ መሆን አለበት።

ሐምሌ 10

ሸጋዬ ዛሬ ቤቱን ጠራረገች። የመስኮት መጋረጃ አጠበች። ከጎረቤት ብርጭቆ ተውሳ መጣች። ጠላ አስመጣች። ፀጉሯንም ተሠርታለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አንድ ዲግሪ ይሻላል ወይስ ሁለት የሚለው አልተፈታልኝም። በአንድ ዲግሪ ጨረሩ በደንብ ይመለሳል፤ መስታወቱ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝም ነው።

ልትተኛ ስትል "ነገ እኔ ተረኛ ነኝ፣ ቡሬ ነው የምውለው" አለች። "አንተ ከቤት አትውጣ። ሰው ቢመጣ በደንብ ተቀበል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሰው።"

ሐምሌ 11፣ እሑድ

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱን አውቃቸዋለሁ፤ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ደብር የሚያገለግሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እናቴ የሕመም ማስታገሻ ወስዳ ጓዳ ተኝታለች። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ።

"እሺ ይናገሩ አባቴ።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንዲያው በዚህ ግቢ አንዲት ማሳ አለች ሲሉ ሰምተን ነው። አፈሯ የተመሰገነ፣ አጥሯ የተከበረ። የእኛ ልጅ ደግሞ ትጉህ ገበሬ ነው። መሬት አጥቶ አይደለም፤ ይህችን ካየ ወዲህ ሌላ አላይም ብሎ ነው። ባለቤቶቹን ጠይቁልኝ ብሎ ላከን።"

ነገሩ ገባኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ወደ ደምበጫ መሄጃ ያለችውን መሬት አቶ ላቀው የሚባል ገበሬ በእኩል ያርሳታል፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። ላቀው ጨዋ ሰው ነው። ከእሱ ላይ ነጥቆ ለሌላ መስጠት ነውር ነው። ሽማግሌ ዝናብ ላይ አቁሞ ማንገላታትም ነውር ነው። ስለዚህ ቀጥታ ተናገርሁ።

"አባቶቼ፣ በዚህ ጭቃ ደክማችሁ መጣችሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። እሷ ተይዛለች። ላቀው ሲያርሳት ሦስት ዓመት ሆነው።"

ሦስቱም ተያዩ። ያልተረዱኝ መሰለኝ።

"በእኩል ነው" አልሁ። "ከቤተሰቡ ቅር ያለው የለም።"

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ "ልጃችሁ ትጉህ ከሆነ ግን፣ ላቀው የሰለቸው እንደሆነ ልናስብበት እንችላለን" ብዬ ጨመርሁ።

መሪጌታ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ተምሯል ብለውን ነበር።"

"አዎ አባቴ፣ ፊዚክስ።"

"ያስታውቃል" አሉ።

ጠላውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ብርጭቆዎቹን መለስሁ። ከሰዓት በኋላ የሁለት ዲግሪውን ስሌት ጨረስሁ።

ሐምሌ 12

ትናንት ማታ ሸጋዬ ገባች። ጃንጥላዋን አላጠፈችም፤ እንደተዘረጋ ጣለችው።

"ምን ብለህ ነው የመለስሃቸው?"

ቃል በቃል ነገርኋት። እየነገርኋት ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ስጨርስ ጭቃ የያዘ ጫማዋን አወለቀች።

"ማሳዋ እኔ ነኝ" አለች።

ሐምሌ 13

መተኛት አልቻልሁም፤ ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

ልጁ ወንዳወቅ ይባላል። ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ ስትሰበር ባሕር ዳር ድረስ ቃሬዛ የያዘው እሱ ነው፤ እኔ በስልክ "አንድ ጎረቤት ረዳን" ተብዬ ነበር። ሽማግሌ የላከው እኔ እስክመጣ ጠብቆ ነው፤ አባታችን ስለሌለ መልስ ሰጪው እኔ ነኝ ብሎ። መልስ ሰጠሁ።

ሸጋዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ሽማግሌዎቹ ማሳ ሲሉ ማሳ ነው ብለህ ነው?" አለችኝ።

"ማሳ አለን እኮ።"

"መጋረጃ ሳጥብ አይተሃል። ብርጭቆ ስዋስ አይተሃል። ፀጉሬን አይተሃል። አልገባህም ነው፣ ወይስ እንዲገባህ አልፈለግህም?"

"አልገባኝም" አልሁ።

ጥያቄዋ ሁለት ክፍል አለው። ለመጀመሪያው መልሻለሁ።

ሸጋዬ አግብታ ቡሬ ከገባች እናቴን ማን ያነሣታል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ሐምሌ 11 ቀን በፍጹም አላሰብሁትም። ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ አስቤው ሊሆን ይችላል፤ በጥቅሉ።

ወደ ማዕዘኑ ልመለስ።

ሐምሌ 15

አታናግረኝም። በእናቴ በኩል ነው የምታናግረኝ። "እምዬ፣ ውሃ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂው።" እናቴ ትጠይቀኛለች። ምን እንደተፈጠረ ለእናቴ የነገራት የለም፤ ግን ዛሬ "ላቀው ደህና ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰምታለች ማለት ነው።

ሐምሌ 17

ላቀው መጣ። ብቻውን አይደለም፤ ሚስቱን አስከትሎ። በሩ ላይ ቆመ፤ እሱም አልቀመጥም አለ። በዚህ ወር እኛ ቤት የሚቀመጥ ጠፍቷል።

"ጌታዬ" አለ፣ በእድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ "እኔ ሚስት አለኝ። አምስት ልጅ አለኝ። እህትዎን ከሩቅ ነው የማውቃት፤ መድኃኒት ስገዛ።"

"አውቃለሁ ጋሽ ላቀው። ስለ መሬቱ ነው የተናገርሁት።"

"እኔስ ገብቶኛል" አለ። ወደ ሚስቱ አየ። "ለእሷ ይንገሩልኝ።"

ለሚስቱ ነገርኋት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ማሳ ሲሉ እኔ ማሳ የመሰለኝን። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ወደ መሪጌታ ሄድሁ። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። የጀርመን ጫማዬ አንደኛው ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ጎትቼ አወጣሁት። ቅዳሴ እስኪወጣ ግቢው ዛፍ ስር ቆምሁ። መሪጌታ አዩኝ፤ እንዳላየ ሆነው ሰው ሁሉ እስኪበተን አስጠበቁኝ።

"ማሳ ፍለጋ ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙ። "ተው፣ ጭቃ ነው። ተናገር።"

ተናገርሁ። የላቀውን መሬት፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደተዘራባት ሳይቀር። መሪጌታ እየሰሙኝ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለዋወጠ። "ዳጉሳ ነው የዘራባት?" አሉ። "ዳጉሳ ነው አባቴ" ስል መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ዲያቆኑ ውሃ ይዞ ሮጠ።

"እኛ ደግሞ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ከኛ የጠለቀ ቅኔ የተቀኘህብን መስሎን አንድ ሳምንት ስንፈታው ከረምን።"

ከዚያ ሳቁን ተዉት።

"ልጄ፣ ይኼ ይቅር ተባለ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ተመልሰን ብንመጣ፣ ብትሰጡን፣ እናትህን ማን ይጦራል? ልጁም ይኼ ያሳስበዋል፤ እህትህም። ከአንተ በቀር የሚመልስ የለም።"

እኔ ስለ ጀርመን፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ውሉ፣ መስታወቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ስለሚፈጀው ጊዜ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እኔ ማን ነው ያልሁህ፣ መቼ አላልሁም" አሉ። "ፍልሰታ ሲፈታ እንመጣለን። መልስህን ይዘህ ጠብቀን።"

ሐምሌ 24

ሸጋዬ ዛሬ በቀጥታ አናገረችኝ። "ጫማህን አጠብሁልህ" አለች። መሪጌታ ጋ መሄዴን ወንዳወቅ ነግሯት ነው።

ሐምሌ 28

ፕሮፌሰሯ ዘግይተሃል ትላለች። ተራችንን እስከ ነሐሴ 20 ግድም ልታስይዝልኝ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል።

እኔ እኮ ወስኛለሁ። ፓራቦላ። በየጠዋቱ የሚያቃናው ሰው ያስፈልገዋል ይባላል፤ ታዲያ እኔ አለሁ። እንዲያውም ማቃኛ መሣሪያውን ራሴ እሠራዋለሁ፤ በጋውን ሙሉ ይፈጅብኛል። ከዚያም እሱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ስለምሆን እዚያ መኖሬ የግድ ይሆናል። ይህ ለሥራው ጥሩ ነው። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ጽፌ ጨረስሁ። ልልከው ስል መብራት ሄደ። ሳሌም ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ገመዱን ስትስብ ገመዱ እጇ ላይ ቀረ።

ነሐሴ 5

ጾም ነው። እናቴ ዛሬ ከአልጋዋ እስከ በሩ በብረት ምርኩዟ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ዝናቡን አየች። "ያ ድንጋይ ይነሣ" አለች። ድንጋዩን አነሣሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የረባ ነገር ሠራሁ ማለት እችላለሁ።

ነሐሴ 12

መልስ የለኝም። እናቴን ጀርመን መውሰድ አይሆንም። ሠራተኛ መቅጠር፦ እናቴ ሠራተኛ አታስቀምጥም። እኔ መቅረት፦ (ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ጀመርሁት።)

ሸጋዬ ማታ እናቴን ስታገላብጥ "ካልሆነ ይቀራል፤ እኔ ለማንም አልጨነቅም" ስትል ሰማሁ። እናቴ ምን እንደመለሰች አልተሰማኝም።

ነሐሴ 16፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ መጡ። ያው ሦስቱ። ሸጋዬ ጓዳ፣ እናቴ ጋ ገባች። እኔ ኮት ለብሻለሁ። እንደ ልማዳቸው ቆሙ።

መሪጌታ ጀመሩ። "ባለፈው በሰም ብንመጣ ዳጉሳ ተዘራብን። ዛሬ በወርቁ ነው የምንናገረው። ልጃችሁን ሸጋዬን ለልጃችን ለወንዳወቅ እንድትሰጡን መጥተናል።"

"እጅግ ደስ ይለናል አባቴ" አልሁ። ይህን ተለማምጄው ነበር።

"የጠየቅሁህስ?"

"እንግዲህ ያ ጉዳይ..." አልሁ። ኮቱ ሞቀኝ። "ሁኔታዎቹ፣ ማለት፣ በአሁኑ ጊዜ ስንመለከተው..."

ከጓዳ ድምፅ መጣ።

"የተሰበረው ዳሌዬ ነው! አፌ አልተሰበረም! ስለ እኔ እኔን ጠይቁ!"

ቀጥሎ የምርኩዙ ድምፅ። ጧ፣ ጧ። እናቴ መጋረጃውን በክርኗ ገፍታ ወጣች። ሸጋዬ ከኋላ እጇን ዘርግታ ተከተለቻት፤ አልያዘቻትም። ሽማግሌዎቹ ከቆሙበት ይበልጥ ቆሙ።

"ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ምነው ተነሡ!" አሉ መሪጌታ።

"ሦስት ወር የተኛሁት ይበቃል" አለች። "ይኸውላችሁ። አንደኛው ልጄ ሩቅ ነው፤ ሩቅ ይኖራል። እሱን አትጠይቁት፤ የማያውቀውን እየጠየቃችሁ ልጄን ታስጨንቁታላችሁ። ይህን ቤት ለመምህራን አከራያለሁ። እኔ ቡሬ እገባለሁ፤ ከልጄ ጎረቤት አንድ ክፍል ይበቃኛል። እሷ ቤት አይደለም፤ ጎረቤት። አማች ቤት ገብቼ ወጥ አልቀምስም። ሸጋዬን ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ፤ እኔም ልቀመጥ፣ እግሬ ከዳኝ።"

ተቀመጡ። ጠላ ጠጡ። መሪጌታ መረቁን፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ ላቀውንም ጨመሩበት። ሸጋዬ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። የእኔን ኮት የተመለከተው የለም።

"የማያውቀውን" ነው ያለችው። ደጋግሜ አሰብሁበት።

ነሐሴ 17

ከሸጋዬ ጋር አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። እናቴ ወንበር ላይ።

"መስታወቱስ? መረጥህ?"

"ፓራቦላው። ነገ እልካለሁ።"

"ያ በየጠዋቱ የሚቃናው?"

"አዎ።"

"ማን ነው የሚያቃናው?"

"እኔ።"

"እስከ መቼ?"

"መስታወቱ እስካለ።"

"ስንት ዓመት ይቆያል?"

"ከተጠነቀቁለት ሃያ።"

ሸጋዬ የአንሶላውን ጫፍ ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። እናቴ ወደ ደጁ እያየች፣ ለማንም ሳይሆን፣

"መስታወቱስ ታድሏል" አለች።

ነሐሴ 18

መብራት ነበር። ሳሌም "ዛሬ ዕድለኛ ነህ" አለችኝ። አልላክሁም። ወጥቼ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው በእግሬ ሄድሁና ተመለስሁ።

ነሐሴ 19

ብረቱን የምንፈልግበት የጤፍ ፍሬ ሽፋን ምን ያህል ውፍረት እንዳለው እንደገና አሰላሁ። የፀጉር ያህል ነው። የቶሮይዱም ነጥብ ያንኑ ያህላል። የመርፌ ጫፍ አያስፈልገንም ነበር። ይህ ቁጥር ከሰኔ ጀምሮ ወረቀቴ ላይ ነበር፤ ራሴ ነኝ የጻፍሁት።

ከሰዓት በኋላ ላክሁ፦ ቶሮይድ፣ አንድ ዲግሪ ተኩል። ምክንያት፦ ለናሙናዎቻችን በቂ ነው፤ የአዳራሹ ወለል ስለሚንቀጠቀጥ ዝንባሌን የሚችል ይሻላል፤ የዕለት ተዕለት ጠባቂ አያስፈልገውም። ሌላ ምክንያት አልጻፍሁም።

ነሐሴ 22

ፕሮፌሰሯ መለሰች። "ተስማምቻለሁ። እኔም ይኼኛው ይበቃል የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ግን ፓራቦላውን በጣም ስለወደድኸው ዝም አልሁ።" ከሥሩ፦ "ማቃኛ መሣሪያው ስለቀረ በጋው ላይ ሥራ አይበዛብህም። ፈቃድ የምትፈልግ ከሆነ ጥር ይመቻል።"

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሳሌም "መጥፎ ወሬ ነው?" አለችኝ።

ጳጉሜን 2

ሰርጉ ጥር ላይ ተቆረጠ። ነገ እሄዳለሁ። እናቴና ሸጋዬ ዛሬ ቁጭ ብለው የሚጠራውን ሰው ይቆጥሩ ነበር፤ እናቴ ትጠራለች፣ ሸጋዬ ትጽፋለች። የመሪጌታ ደብር፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች፣ የላቀው ቤተሰብ በሙሉ።

"እኔም እመጣለሁ" አልሁ። "ጥር ላይ ፈቃድ አግኝቻለሁ።"

እናቴ አየችኝ። እንደ መጣሁ ቀን አስተያየት ነበር፤ ከስተሃል ግን አላለችኝም።

"ጻፊው" አለቻት ሸጋዬን።

ሸጋዬ እስክሪብቶውን አነሣች።

"በእሱ አይደለም" አለች እናቴ። "በእርሳስ።"